«ድምፅሽ አይሰማም» ብሎ ማለፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የሳሙኤል እናት ሐና በሴሎ በእግዚአብሔር ፊት ቆማ ስትጸልይ የገጠማትን ታስታውሳላችሁ። በልቧ ትናገር ስለ ነበር አፏ ሲላወስ ይታያል እንጂ ቃሏ ለሰው ጆሮ አይደርስም ነበር። ካህኑ ዔሊም ባየው ብቻ ሰክራለች ብሎ ፈረደባት (1ኛ ሳሙ. 1)። እግዚአብሔር ግን ሰምቷት ነበር። ዔሊም ቢሳሳት እንኳ ዝም ብሎ አላለፋት፤ አናገራት፥ መልሷን ሰማ፥ መርቆም አሰናበታት። እኛ ዔሊ ያደረገውን ያህል እንኳ አላደረግንም የምልበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በሀገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ትምህርታቸውን በስልክና በኮምፒዩተር መስጠት መጀመራቸው የሚታወቅ ነው። የእኛም የቅዳሜ ማታ የዙም ጉባኤ ያኔ የተጀመረ ነው። ወረርሽኙ ቢያልፍም ጉባኤው አልተቋረጠም፤ ከአጥቢያችን ወጥተው በዓረብ ሀገር፥ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ልጆቻችን በእርሱ በኩል ወደ እኛ ተመልሰው ነበርና።

ከእነርሱ አንዷ በዓረብ ሀገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን ናት። በአንድ ዐቢይ ጾም ስለ ጾም ሥርዓት ለአምስት ሳምንታት ተከታታይ ትምህርት ተሰጠ። በእያንዳንዱ ቅዳሜ የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ይህች እኅት እጇን ታነሣለች፤ ስሟ ይጠራል፤ ፊቷ ይታያል፤ ትናገራለች፤ አንዳች ነገር ግን አይሰማም። መርሐ ግብር መሪው «እኅታችን፥ ድምፅሽ አይሰማም፤ እስኪ አስተካክዪው፥ ወደ አንቺ እንመለሳለን» ይላል። ወደ እርሷ አልተመለስንም። መርሐ ግብር መሪው ማን ነበር ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፥ በሁለቱ ሳምንታት እኔ ነበርሁ።

በስድስተኛው ሳምንት አልገባችም። አንዲት የቀድሞ የክፍሏ ልጅ አሳስቧት በቴሌግራም ደወለችላት፤ ነገሩም ያን ጊዜ ተገለጠ። ዙምን በስልኳ የጫነች ዕለት ስልኩ ድምፅ ለመቅዳት ፈቃድ ጠይቋት ነበር። አንድሮይድ ስልኮች ማይክራፎን ለመክፈት ሲፈልጉ የሚጠይቁት በዚሁ «መቅዳት» በሚል ቃል ነው። እርሷም ድምፄ ተቀድቶ አሠሪዎቼ እጅ ቢገባስ ብላ ፈራችና «አትፍቀድ» የሚለውን ነካች። ከዚያ በኋላ ስልኩ ደግሞ አልጠየቃትም፤ እርሷም የሚናገር ሰው ሁሉ የሚሰማ መስሏት ተናገረች። ልትጠይቀን የፈለገችው ይህን ነበር፦ በምሠራበት ቤት የሚቀርብልኝ ምግብ ሁሉ የፍስክ ነው፤ ለይቼ እንዳላበስል ማድቤቱ የእኔ አይደለም፤ እንዴት ልጹም? መልሱን ከንስሐ አባቷ ጋር ተገናኝታ አገኘችው። ከ55ቱ የጾም ዕለታት ግን ያኔ የቀረው ሰሙነ ሕማማት ብቻ ነበር።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ስነግራቸው «የቴክኒክ ጉዳይ ነው» ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ማይክራፎኑን ለመክፈት ከሁለት ደቂቃ በላይ አልፈጀም። የአምስቱን ሳምንት ዝምታ ያመጣው፥ ማስተካከሉን ለማያውቀው ሰው ትተን ማለፋችን ነው። «ድምፅሽ አይሰማም» የሚለው ቃል ጉድለቱን ይነግራል እንጂ ምን እንደሚደረግ አይነግርም። ያውም በስድሳ ሰው ፊት ይነገራል። ስልክ መነካካት የማይሆንላቸው አንዲት እናት ይህን ሁለት ጊዜ ከተባሉ ሦስተኛ እጃቸውን አያነሡም። ጌታችን መስማት የተሳነውንና አንደበቱ የተያያዘውን ሰው ሲፈውስ አስቀድሞ ያደረገውን ልብ በሉ፤ ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው (ማር. 7)። የመድኃኒታችንን ተአምር ከስልክ ጥገና ጋር ማመሳሰሌ አይደለም፤ ሰውን ሳያሳፍሩ የመርዳትን ሥርዓት ግን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምረን የለም።

ስለዚህ ጉባኤ የምትመሩ ሁሉ ማወቅ የሚገባችሁን ልናገር፤ ብዙ አይደለም። በዙም የተሳታፊዎችን ዝርዝር ብትከፍቱ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ያለው ምልክት ችግሩ የት እንዳለ ይነግራችኋል። የማይክራፎን ምልክት ከነጭራሹ ከሌለ ሰውየው ወደ ጉባኤው ገባ እንጂ ድምፁን አላገናኘም፤ በስልኩ ግርጌ ያለውን የድምፅ ምልክት ነክቶ በዋይፋይ ወይም በሞባይል ዳታ የሚለውን ይምረጥ። ቀይ መስመር ከተሰረዘበት ድምፁ ተዘግቷል። ምልክቱ ክፍት ሆኖ ሰውየው ሲናገር አረንጓዴው የማይላወስ ከሆነ ግን ችግሩ ከመሣሪያው ነውና ፈቃዱንና የተያያዘውን ማዳመጫ ማየት ያስፈልጋል። ፈቃዱ የሚገኘው በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ አፕስ ከሚለው ገብቶ ዙምን በመክፈት ነው፤ በአይፎን ደግሞ በሴቲንግ ውስጥ ዙም የሚለውን በመፈለግ። በኮምፒዩተር የሚገቡ ሰዎች ዊንዶውስ ራሱ ማይክራፎኑን ከልክሎባቸው እንደ ሆነ ፕራይቬሲ በሚለው ሥር ይመልከቱ፤ በዙም የድምፅ ሴቲንግ ውስጥም የተመረጠው ማይክራፎን የትኛው እንደ ሆነ ያረጋግጡ።

ብዙ ጊዜ የሚያታልለው ብሉቱዝ ነው። የብሉቱዝ ማዳመጫው በሌላ ክፍል ወይም በቦርሳ ውስጥ ተከፍቶ ቀርቶ ስልኩ ከእርሱ ጋር ይገናኛል፤ ሰውየው ወደ ስልኩ ይጮኻል፥ የሚያዳምጠው ግን ቦርሳው ውስጥ ያለው ነው። ብሉቱዙን መዝጋት ይበቃል። በጉባኤው መካከል ስልክ ተደውሎለት ያነሣ ሰውም ማይክራፎኑ ለጥሪው ስለሚሰጥ ሲመለስ ላይሰማ ይችላል፤ ወጥቶ እንደ ገና ይግባ። የስልኩ ልባስ ከታች ያለችውን ቀዳዳ የሸፈነበትም አጋጥሞናል።

እናንተም ራሳችሁን መርምሩ። አዘጋጁ ሁሉንም ድምፅ ሲዘጋ ተሳታፊዎች ራሳቸው እንዲከፍቱ የምትፈቅደውን ትንሽ ሳጥን ባዶ ከተወ፥ ምእመኑ ቢነካ ቢነካ አይከፈትለትም። «ድምፅዎን ይክፈቱ እንጂ!» እያልን የምንጠይቃቸው ሰዎች በሩን የቆለፍነው እኛው የሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ይህን ሁሉ የምለው ትምህርታችን የጆሮ ትምህርት ስለ ሆነ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ይቀጽላል፥ የኔታ ይሰማሉ፥ ያርማሉ። የዓይን ብርሃናቸውን ያጡ መምህራን ሳይቀሩ የተማሪውን ስሕተት በጆሯቸው ብቻ ለይተው ሲያርሙ ኖረዋል። ግዕዙን ከዕዝሉ፥ ዕዝሉን ከአራራዩ ሳይለይ የሚያዜም ልጅ ድምፁ ካልተሰማ ማን ያቀናዋል? አሁን በዙም ዜማና ግእዝ ቋንቋ የሚማሩ ልጆች አሉን። ሠላሳው ልጅ ተዘግቶ መምህሩ ብቻቸውን የሚያዜሙበት ክፍል ስብከት ሊሆን ይችላል፤ የዜማ ትምህርት ግን አይደለም።

በዚሁ ላይ ስለ መዝሙር አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች ማይክራፎናችን ተበላሸ ብለው አዲስ የሚገዙበት ነውና። ዙም የሰውን ንግግር ለማጥራት ሲል ሌላውን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቈጥሮ ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት በገና ሲደረደር ድምፁ ይቆራረጣል፥ ከበሮም አንዱ ምት ተሰምቶ ሌላው ይጠፋል። መሣሪያው ደኅና ነው። በድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ኦሪጅናል ሳውንድ የሚባለውን መክፈት፥ በጉባኤውም ውስጥ መብራቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በአንጻሩ ሁሉም ድምፁን ከፍቶ አብሮ ልዘምር ቢል በየትኛውም ሴቲንግ አይሳካም፤ የእያንዳንዱ ድምፅ በኔትወርኩ ዘግይቶ ስለሚደርስ አንዱ ቤቱን ሲጨርስ ሌላው ገና መካከል ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ይምራ፥ ሌላው ድምፁን ዘግቶ በየቤቱ ይቀበል።

በዚህ ላይ «ድምፅ መዝጋት ለሥርዓት ነው» የሚሉትን አባቶችና ወንድሞች እቀበላቸዋለሁ። በጸሎት መካከል የጎረቤት ቴሌቪዥን፥ የልጅ ልቅሶና የመኪና ጡሩምባ የሰማ ሰው ይህን አይክድም። በአንድ ክፍል ሁለት ስልክ ከፍተው የሚያስተጋቡብንም አሉ። ሲገቡ ይዘጋ፤ በጥያቄ ሰዓት ግን የሚከፈት ይሁን። ድምፃቸውን ወደው የሚዘጉም አሉና እነርሱን ተናገሩ ብሎ ማስጨነቅ አይገባም። ያቺ እኅታችን እንኳ አሠሪዎቿ ሳይተኙ ጮክ ብላ መናገር አትችልም። ለእንደዚህ ያሉት በጽሑፍ የመጣው ጥያቄ ከሌሎቹ እኩል ይነበብ፤ ብዙ ጊዜ ጉባኤው ካለቀ በኋላ ነውና የምናየው።

የምጠይቀው ይህን ነው። በእያንዳንዱ የኢንተርኔት ጉባኤ አንድ ሰው፥ ከመርሐ ግብር መሪው ሌላ፥ ይመደብ። ጉባኤው ከመጀመሩ 15 ደቂቃ አስቀድሞ ይክፈት፤ የገባውን ሁሉ በስሙ ሰላም ይበል፤ ሰላምታውን የመለሰ ሰው ማይክራፎኑ ይሠራል ማለት ነው። ያልመለሰውን ዝርዝሩን አይቶ በግል ይደውልለት። ኮሚቴ አታቋቁሙለት፤ እናውቃለን ኮሚቴ ሲሆን ምን እንደሚሆን። ትዕግሥት ያለው አንድ ልጅና የአየር ሰዓት የተሞላበት አንድ ስልክ ይበቃል። በየአጥቢያው ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስልካቸውን ተቀብላችሁ ፈቃዱን እዩላቸው፤ እርሳቸው ባሉበት፥ እያሳያችሁ፥ በቀጣዩ ጊዜ ራሳቸው እንዲያደርጉት።

በእኛ ጉባኤ ይህን ከጀመርን ሁለት ወር ሆነን። ባለፈው ቅዳሜ እኅታችን በ15ቱ ደቂቃ ውስጥ ገብታ ሰላምታዋን መለሰች፤ ከበስተኋላዋ ሳሕን ሲጋጭ ይሰማ ነበር። «እያጠብሁ ነው፥ ይቅርታ፤ ልዝጋው?» አለች። የተመደበው ልጅም «አይ፥ ጥያቄሽን አሁኑኑ ንገሪኝና መዝግቤ ልያዘው፤ ከዚያ ትዘጊዋለሽ» አላት። ሦስት ጥያቄ አስመዘገበች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።