አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ቁምስና



ከእምድብር፣ ከሆሳዕና ወይም ከዓዲግራት ለሥራና ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ካቶሊካዊ፣ የሚከራይ ቤት ሲፈልግ ደላላ አያጣም። ቁምስና ሲፈልግ ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። ከኋላ ወንበር ሆኖ ያስቀድሳል፤ ሲወጣ ስሙን የሚጠይቀው የለም። ከጥቂት እሑዶች በኋላ መቅረት ይጀምራል። ይህን ርዕስ የመረጥነው ለዚህ ነው።

የሥርዓት ልዩነትም አለ። የአዲስ አበባ፣ የዓዲግራትና የእምድብር ሀገረ ስብከቶች በግዕዝ ሥርዓት ይቀድሳሉ፤ የሆሳዕና፣ የሶዶና የመቂ ምእመናን ያደጉት በላቲኑ ነው። አንዱ የለመደው ዜማ ለሌላው እንግዳ ይሆንበታል። ሆኖም በሌላው ሥርዓት ማስቀደስ፣ ለዓመታት ቢሆንም እንኳ፣ የራስን ሥርዓት አያስለውጥም። እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ደግሞ፣ በአንድ ቁምስና ክልል 3 ወር የኖረ ሰው በዚያ ጊዜያዊ መኖሪያ እንዳለው ይቆጥረዋል። እንግድነት በሕግም ቢሆን ገደብ አለው ማለት ነው።

በዚህ እትም የጥምቀትና የሜሮን ምስክር ወረቀት ይዞ መሄድ ለምን እንደሚጠቅም፣ ቆሞሱን መቼ ማነጋገር እንደሚሻል፣ የልጆችን ትምህርተ ክርስቶስና የመዘምራን ጓድ እንዴት እንደሚጠይቁ ታገኛላችሁ።

ለነባር ምእመናንም አንድ አደራ አለን፤ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ታክሲ ከመሮጣችሁ በፊት፣ የማታውቁትን አንድ ሰው ሰላም በሉ።

መልካም ንባብ!

አዘጋጁ