የሊዮን ሳንቲምና የመርሳ መቀነት

«ሚሲዮን ሰውን በስንዴ ይገዛል» የሚል ነቀፋ በወሎ ምድር ቢሰማ አያስደንቅም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ በጸና ጊዜ እህል ካቀረቡት ወገኖች መካከል የካቶሊክ የእርዳታ ድርጅቶች ነበሩበት። የተራበውን ያበላ ሰው ግን ስለ ማብላቱ ሊወቀስ አይገባም። የእርዳታው እህል ከብዙ አገር የተዋጣ ነው፤ የወንጌል ተልእኮው ከረጢት ግን የራሱ ታሪክ አለው። ነቃፊዎች ይህን ታሪክ ሳይመረምሩ ገንዘቡ ሁሉ ከነገሥታት ግምጃ ቤት የፈሰሰ ይመስላቸዋል።

በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ጳውሊን ዣሪኮ የተባለች የሐር ነጋዴ ልጅ ነበረች። እርስዋ ከሐር ሠራተኞች ጋር የጀመረችው መዋጮ እ.ኤ.አ. በ1822 ሃይማኖትን ለማስፋፋት የሚረዳ ማኅበር ሆኖ ተመሠረተ። ሥርዓቱ ቀላል ነው። አንዱ ሰው ዐሥር ሰው ይሰበስባል፤ እያንዳንዱም በየቀኑ ስለ ተልእኮው አጭር ጸሎት ያደርሳል፤ በየሳምንቱም ሱ የምትባለውን ትንሽ ሳንቲም ይሰጣል። የዐሥር አለቃ ለመቶ አለቃ፣ የመቶ አለቃም ለሺህ አለቃ ያስረክባል። የሮም ሊቀ ጳጳስ ፒዮስ 11ኛ በ1922 ይህን ማኅበር ከመንበራቸው ሥር አደረጉት፤ በ1926ም በየዓመቱ በጥቅምት ወር አንድ እሑድ ስለ ተልእኮ ጸሎትና መባ የሚቀርብበት እንዲሆን ተወሰነ። ዣሪኮ ራስዋ በ1862 በድህነት ሞተች፤ ቤተ ክርስቲያንዋም በ2022 ብፅዕት ብላ ጠራቻት።

እንግዲህ የኢትዮጵያ ነገሥታት የተዋጉት ከምን ጋር እንደ ነበረ ልብ ይሏል። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1632 ነግሠው ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ግን በ1839 አባ ያዕቆብ የተባሉት ዩስቲኖ ደ ያቆቢስ ዐድዋ ገቡ፤ ከእርሳቸውም በኋላ ጉልዬልሞ ማሳያ መጡ። ዐፄ ዮሐንስ በ1878 ከዚሁ ከወሎ ምድር፣ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ ሃይማኖትን በአዋጅ አጸኑ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ማሳያን ከአገር አስወጡ። አዋጁ መልእክተኛውን መለሰ፤ የሚልኩትንና የሚጸልዩለትን ሰዎች ግን ሊያስቀር አልቻለም። ሃይማኖቱን የሚወድ ሁሉ ሊፈራውም ሊማርበትም የሚገባው ይህ ነው።

አሁን ፊትን ወደ ሀብሩ መመለስ ይገባል። ከመርሳ በስተ ደቡብ ብዙም በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው አስተማሩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ለመላክ የሚያበቃ ትምህርት ከዚህ አገር ጎድሎ አያውቅም። ለብዙ ዘመን ካህኑንና መምህሩን የመገበው የቤተ ክርስቲያን መሬት ግን በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ከእጅዋ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መሶቡ ያለው በምእመናን እጅ ነው። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ሰበካ ጉባኤን አቋቁሞ፣ ምእመኑ ቤተ ክርስቲያኑን በአባልነት መዋጮ እንዲረዳ ሥርዓት ሠርቶ ነበር።

ታዲያ የቆሎ ተማሪ ዛሬም ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እያባረረው ይለምናል። ቅኔ የሚቆጥረው ልጅ ሌሊት ያጠናውን ቀን በራብ ይረሳዋል። የኔታም ደቀ መዝሙር ሲበተንባቸው ጉባኤውን አጥፈው ይቀመጣሉ። ይህን እያየ ዝም ያለ ምእመን ሚሲዮንን በምን አፉ ይነቅፋል? ቤቱን ሳይዘጋ የተኛ ሰው ሌባውን ብቻ ቢረግም ማን ይፈርድለታል?

«ሕዝቡ ድኻ ነው» የሚል ይኖራል። የሊዮን ሐር ሠሪዎችም ባለጸጎች አልነበሩም። ሂሳቡም ግልጥ ነው፤ ዐሥር ሰዎች በየሳምንቱ አንድ አንድ ብር ቢሰጡ በ52 ሳምንት 520 ብር ይሆናል፤ መቶ ሰዎች ቢሆኑ 5,200፣ ሺህ ቢሆኑ 52,000 ብር ነው። በመርሳ ገበያ ማሽላና ጤፍ ሸጣ የምትመለስ እናት ከመቀነትዋ ፈትታ የምትሰጠው አንድ ብር አያስርባትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሌላውም «ከካቶሊክ ሥርዓት መቅዳት ወደ ካቶሊክነት መግባት ነው» ይላል። ይህ ከንቱ ፍርሃት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ስላሉት ቅዱሳን የቆሮንቶስ ሰዎች በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንደ ችሎታቸው እንዲያስቀምጡ አዝዟል። የሊዮን ሴት የሠራችው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ኢትዮጵያዊው ቢሠራበትም የሐዋርያውን ትእዛዝ ፈጸመ እንጂ ከሮም አልተበደረም። የሃይማኖት ልዩነት በቦታው ይጽና፤ በምስጢረ ሥጋዌ ነገር የሚሸጥም የሚለወጥም የለም። መዋጮ ግን ዶግማ አይደለም።

ደግሞም ሳንቲሙን ብቻ አይተው ጸሎቱን የሚዘነጉ ይሳሳታሉ። ያለ ጸሎት የተሰጠ ብር እንደ ግብር ይቆጠራል፤ ሰጪውም በሁለተኛው ዓመት ይሰለቻል። ስለ አንድ የአብነት ተማሪ በየማታው አቡነ ዘበሰማያት የሚደግም ሰው ግን ያ ልጅ ጦሙን ሲያድር እንቅልፍ አይወስደውም። እጁን የሚያዘረጋው ጸሎቱ ነው።

ስለዚህ የመርሳም ሆነ የወልድያ ካህናት በዐውደ ምሕረት ሚሲዮንን ከመንቀፋቸው በፊት፣ በየደብሩ ዐሥር ዐሥሩን ምእመን ይቍጠሩ። ለእያንዳንዱ ዐሥር አንድ ተማሪ ይስጡት፤ ስሙን ያሳውቁት፤ በጸሎትም በመባም ያሳድጉት። ያ ልጅ ተምሮ ዲያቆን በታጣበት ቤተ ክርስቲያን ቆሞ በቀደሰ ቀን፣ ለነቀፋው ሁሉ በቂ መልስ ይሆናል።