ከማድመቅ በፊት ማደራጀት

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ማግኘት ዛሬ አስቸጋሪ አይደለም። አንዳንድ ተማሪዎች ታዲያ በእጃቸው የጻፉትን ድርሰት ወደዚያ ይወስዱና ለኮምፒውተር ጸሐፊዋ «አሳምሪልኝ» ብለው ይሰጧታል። እርሷም አንዱን መስመር ታገዝፋለች፤ ሌላውን ታደምቃለች፤ በሌላውም ሥር ታሰምርበታለች። ድርሰቱ ለዓይን ያምራል። ሆኖም የትኛው ሐሳብ ዋና፣ የትኛው ንዑስ እንደ ሆነ የወሰነው ማን ነው? በእኔ አስተያየት ይህ ልማድ መታረም ይገባዋል፤ የሐሳብን ደረጃ መወሰን የደራሲው ተግባር ነውና።

የብራና መጻሕፍት ጸሐፊዎች ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። ተራውን ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ሲጽፉ፣ ቀዩን ለአርእስትና ለቅዱሳን ስሞች ይጠብቁት ነበር። ገጹ በሙሉ ቀይ ቢሆን ኖሮ ቀዩ ምንም ባልለየ ነበር። በኮምፒውተርም ሕጉ ያው ነው፤ ሁሉም ከደመቀ የደመቀ የለም።

ለምሳሌ «የአዋሽ ወንዝ ጥቅም» በሚል ርዕስ ድርሰት ልትጽፉ አሰባችሁ እንበል። አስተዋጽኦው የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦

1. ለኤሌክትሪክ ኀይል
ሀ. በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ
ለ. ከቆቃ በታች ያሉት የአዋሽ 2 እና የአዋሽ 3 ማመንጫዎች
2. ለመስኖ እርሻ
ሀ. የወንጂ ሸንኮራ አገዳ
ለ. የመተሐራ ሸንኮራ አገዳ

ይህን በኮምፒውተር ስትጽፉ ለእያንዳንዱ ርዕስ ደረጃውን ስጡት። በማይክሮሶፍት ወርድ «ሄዲንግ 1» እና «ሄዲንግ 2» የሚባሉት ለዚሁ የተዘጋጁ ናቸው። ፊደሉን ብቻ ብታገዝፉት ኮምፒውተሩ ትልቅ ፊደል መሆኑን እንጂ ርዕስ መሆኑን አይለይም። ደረጃውን ካመለከታችሁት ግን ማውጫውን ከነገጽ ቁጥሩ ያወጣላችኋል። ቆይታችሁም «መስኖው ይቅደም» ብትሉ፣ በጎን በሚከፈተው የርዕሶች ዝርዝር ውስጥ ርዕሱን ወደ ላይ ስትጎትቱት በሥሩ ያሉት አንቀጾች ሁሉ ተከትለውት ይሄዳሉ።

«እኛ ኮምፒውተር የለንም» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ይህ ግን ከሥራው አያግዳችሁም። አስተዋጽኦ በግማሽ ገጽ ወረቀትና በእርሳስ ይሠራል። ወደ ጽሕፈት ቤት ስትሄዱም ዋናውንና ንዑሱን ርዕስ ለይታችሁ ምልክት አድርጉበት፤ የኮምፒውተር ጸሐፊዋም የእናንተን ውሳኔ ትፈጽማለች።

አስተዋጽኦ ሌላም ጥቅም አለው። በአንድ ንዑስ ርዕስ ሥር የምትጽፉት ሁለት ዓረፍተ ነገር ካጣችሁ፣ ወይ ርዕሱ አላስፈላጊ ነው፤ ወይም ገና ያላጠናችሁት ጉዳይ አለ። ይህን ጉድለት የደመቀ ፊደል ይሸፍነው እንደ ሆነ እንጂ አይሞላውም። እንግዲህ ተማሪዎች፣ «አሳምሪልኝ» ከማለታችሁ በፊት ሐሳባችሁን ራሳችሁ አደራጁ።