ዕድሜ ልክ የሚጠበቅ ቃል

ሰው በሕይወቱ ብዙ ቃል ይሰጣል። ተማሪው ሲመዘገብ፥ ሠራተኛው ሲቀጠር፥ ነጋዴው ሲዋዋል ፊርማውን ያኖራል። እነዚህ ጊዜ የሚወስናቸው፥ ካሳ የሚያፈርሳቸው ውሎች ናቸው። ዕድሜ ልክ እንዲጸና ተብሎ የሚሰጠው ቃል ግን ጥቂት ነው፤ ከዚህም ዋናው በቤተ ክርስቲያንና በትዳር የሚሰጠው ነው።

በአገራችን ክርስቲያኖች ልማድ ጋብቻ በሦስት ዓይነት ሲፈጸም ኖሯል። የደመወዝ ጋብቻ በተቈረጠ ገንዘብ የሚደረግ ነበር። የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሎችና በምስክሮች ፊት በውል የሚታሰር፥ ሳይስማሙ ሲቀሩም ንብረት ተካፍለው የሚለያዩበት ነው። የቍርባን ጋብቻ ግን ሙሽራውና ሙሽራይቱ ሥጋ ወደሙን አብረው ተቀብለው የሚጋቡበት ስለ ሆነ፥ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንደ ሌላው ውል በቀላሉ አይፈታም።

ይህን ሥርዓት ከሁሉ አጥብቀው የሚሸከሙት ካህናት ናቸው። ዲያቆን በትዳር ሊኖር ከፈለገ ቅስና ከመቀበሉ በፊት በቍርባን ያገባል፤ ከዚያ በኋላ ሚስቱ ሞታበት እንኳ ሁለተኛ ቢያገባ ክህነቱ ይቀራል። መነኵሴውም በሚመነኵስበት ጊዜ በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል፤ ለዓለም ሞተ ማለት ነው። አንዱ በትዳር፥ ሌላው ያለ ትዳር፥ ሁለቱም በማይመለስ ቃል ይታሰራሉ።

ከምእመናን ግን ብዙዎች በሰማንያ ተጋብተው፥ ልጅ ወልደው፥ ጠጕራቸው ሲሸብት ለመቍረብ ይሄዳሉ። አንዳንድ ወጣቶች ይህን አይተው ቍርባን የሽማግሌ ነገር ነው ይላሉ። እኛ እንደምናስበው እነዚያ ባልና ሚስት ቃሉን ያዘገዩት ክብደቱን ስላወቁ ነው። ሆኖም ፈተናው ካለፈ በኋላ የሚሰጥ ቃል ለሰጪው ይቀለዋል። ታማኝነት ይበልጥ የሚያስፈልገው ደመወዝ ባነሰ፥ ሥራ ባልን ከሚስት ባራቀ፥ ሕፃን ሌሊቱን ባለቀሰ ጊዜ ነው።

የአገሩም ሕግ ስለዚሁ ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን አስቀርቶ፥ ባልና ሚስት እንዲከባበሩ፥ እንዲደጋገፉና እንዲተማመኑ በእኩል አዟል፤ 18 ዓመት ያልሞላቸው እንዳይጋቡም በመሠረቱ ከልክሏል። የፍቺን በር ግን አልዘጋም፤ ሊዘጋም አይገባውም። ቃል ኪዳን ዱላን መታገሥ ማለት አይደለምና። ሚስቱን የሚደበድብ ባል ቃሉን ያፈረሰው እርሱ ነው፤ እርስዋ ወጥታ ብትሄድ ከዳች አትባልም።

ስለዚህ ወጣቶቻችንን የምንመክረው እንዲህ ነው። በጥር ወይም በሚያዝያ ለሚደገሰው የአንድ ቀን ሠርግ ብድር ከመግባታችሁ በፊት፥ ከዚያ በኋላ ስላሉት ዓመታት ከእጮኛችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ምከሩ። ስለ ገንዘብ፥ ስለ ልጅ፥ ወላጅን ስለ መጦር፥ ስለ ሃይማኖት ሳታፍሩ ተነጋገሩ። ልትጠብቁት የማትችሉትን ቃል ለዘመድ ደስታ ብላችሁ አትስጡ፤ ከሰጣችሁ በኋላ ግን በየዕለቱ ጠብቁት። የሠርጉ ድንኳን በማግሥቱ ይነቀላል፤ ቤቱን የሚያቆመው ከዚያ በኋላ ያለው ታማኝነት ነው።