ሴት ልጅ ኳስ አትወድም ያለው ማነው? እና ሌሎች አስተያየቶቼ

  የኩታበርን ብርድ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዲራ ተሰቅሎ እስኪያልቅ ጣታችን ይደነዝዛል።

የዚህ እትም አዘጋጆች «ስለ መዝናኛ አስተያየትሽን ጻፊ» ሲሉኝ በጣም ደስ አለኝ። ስለ ኳስ፣ ስለ ዘፈን፣ ስለ ስልክና ስለ ቴሌቪዥን ማውራት አይታክተኝም። እናቴ እንኳን «አንቺ ልጅ፣ አፍሽ አይደክመውም?» ትለኛለች። ግን አንድ ነገር ላስቀድም። ይሄ የኔ ሐሳብ ነው። ያልተስማማ ሰው በሚቀጥለው እትም ይጻፍ እንጂ መንገድ ላይ አይጣላኝ።

1ኛ. ስለ ኳስ

እኔ ኳስ እወዳለሁ። አምና አንድ ትልቅ ጨዋታ ነበረና ከወንድሜ ጋር ኳስ ወደሚታይበት ቤት ሄድኩ። 10 ብሬን በእጄ ይዣለሁ። በር ላይ ያለው ሰውዬ ወንድሜን አስገባውና እኔን «ሴት ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች? ሂጂ እናትሽን አግዢ» አለኝ። ትንሽ ውጭ ቆምኩ። ውስጥ ያሉት «ጎል!» ብለው ሲጮኹ ሰማሁ፤ ማን እንዳገባ ግን አላወቅኩም። ከዚያ ወደ ቤት ተመለስኩ። ብሩ ተረፈኝ፣ ግን ወላሂ ደስ አላለኝም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ሴት ልጅ ኳስ አትወድም ያለው ማነው? ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ድረስ ሄዳ ለቢርኪርካራ ክለብ ተጫውታለች። ለብሔራዊ ቡድናችን ለሉሲዎችም ስንት ጎል አግብታለች። ሊዲያ ታፈሰ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. በካናዳ፣ በ2011 ዓ.ም. በፈረንሳይ በተደረጉት የሴቶች የዓለም ዋንጫዎች ላይ ዳኛ ነበረች። ያ በር ላይ የነበረው ሰውዬ እሷንም «እናትሽን አግዢ» ይላት ይሆን?

እሺ፣ የሱን ቤት እንተወውና ወደ ራሳችን ግቢ እንምጣ። በእረፍት ሰዓት ያለችን አንዲት ኳስ ናት። ደወል እንደተደወለ ወንዶቹ ይወስዷታል፣ እረፍት ሲያልቅ ይመልሷታል። እኛ አጥር ሥር ሱዚ ወይም ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን። ሱዚም ሰኞ ማክሰኞም እወዳለሁ፤ ግን በየቀኑ? አንድ ቀን ኳሷን ስንጠይቃቸው «እናንተ አትችሉም» አሉን። ኳሱን ሳንነካ መቼ እንድንችል ነው?

ሌላው የሚገርመኝ የእንግሊዝ ክለብ ነገር ነው። ሁለት የክፍሌ ልጆች በአርሰናልና በማንችስተር ተጣልተው አንድ ሳምንት ሙሉ አልተነጋገሩም። የሚቀመጡት ደግሞ አንድ ዴስክ ላይ ነው! አንዱ ከሌላው መቅረጫ ሲፈልግ የሚልከው እኔን ነበር። እነዚሁ ልጆች የአርሰናልን ተጫዋች እስከነ ማሊያ ቁጥሩ ይነግሯችኋል። «ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን የበላችው መቼ ነው?» ስላቸው ግን ሳቁብኝ፤ በልታ የምታውቅ አልመሰላቸውም። በልታለች! በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ነው።

ስለ ሩጫ ብዙ አልናገርም፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ብቻ። ታምራት ቶላ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘው ተጠባባቂ ሆኖ ሳለ ነው። ሲሳይ ለማ ጉዳት ስለደረሰበት በሱ ቦታ ገባና በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ስለዚህ አጥር ሥር የቆመ ሰው አይችልም ማለት አይደለም። ተራ አልደረሰውም ማለት ነው።

አሁን የራሴንም ጥፋት ልናገር። ሰኞ ሰኞ ጠዋት በሚኒ ሚዲያ የስፖርት ዜና የማነበው እኔ ነኝ። የእንግሊዝን ውጤት አንድ በአንድ አነባለሁ። ባለፈው 7ኛ ለ ከ8ኛ ሀ ጋር ተጫውቶ 3 ለ 2 ሲያሸንፍ ግን አላነበብኩም። የኔው ክፍል ነው! ግብ ጠባቂያችን ቅር ብሎት «ለንደን ብሆን ኖሮ ታነቢልኝ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚህ በኋላ መጀመሪያ የግቢያችንን፣ ቀጥሎ የሀገራችንን፣ መጨረሻ ላይ የውጩን ነው የማነበው።

2ኛ. ስለ ዘፈን

አያቴ ጥጥ ስትፈትል በለሆሳስ የምታንጎራጉረው ዜማ አላት። አንድ ቀን «ይሄ ዘፈን የማን ነው?» አልኳት። «የማንም አይደለም ልጄ፣ አምባሰል ነው» አለችኝ። እኔ አምባሰል ጎረቤታችን ያለው ወረዳና ተራራው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በኋላ መምህራችንን ስጠይቅ አራት ዋና ዋና ቅኝቶች እንዳሉን ነገረን፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። እያንዳንዱ አምስት አምስት ድምፅ አለው። እስቲ ስማቸውን ተመልከቱ። ባቲ ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለችው ከተማ ናት፤ አምባሰልን ደግሞ አልኳችሁ። አዲስ አበባ ሙዚቃ የሚማር ተማሪ የኛን ሰፈር ስም እየጠራ ነው የሚማረው ማለት ነው። የወሎዋ ማሪቱ ለገሰም በዚሁ በአምባሰል ነው ስሟ የገነነው።

አዲስ ዘፈን አልወድም ማለቴ አይደለም። እወዳለሁ፣ ሠርግ ላይም እጨፍራለሁ። ግን የኛ ሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት አንዱን ዘፈን ሳምንቱን ሙሉ ሲደጋግመው ጆሯችን ደከመ። በሳምንት አንድ ቀን አምባሰል ወይም ባቲ ቢከፈትልንስ? ደግሞ ከብት ሲጠብቁ ዋሽንት የሚነፉ ልጆች እዚሁ ክፍላችን ውስጥ አሉ። የገጠር ልጅ እንዳይባሉ አፍረው አይናገሩም። ኧረ አትፈሩ! ስንቶቻችን ነን መንፋት የምንችለው?

3ኛ. ስለ ስልክ

ትልልቅ ሰዎች «ስልክ ልጅ አበላሸ» ይላሉ። ግማሹን እስማማለሁ። እኔ ራሴ አንድ ቀን የወንድሜን ስልክ ወስጄ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ቲክቶክ ሳይ አምሽቼ በማግሥቱ የሒሳብ ፈተና ከ10 አራት አገኘሁ። ምን እንዳየሁ ብትጠይቁኝ አንዱንም አላስታውስም። አራቷን ግን አስታውሳለሁ።

ሌላው ግማሽ ደግሞ እንዲህ ነው። አክስቴ አረብ አገር ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። እናቴ ዓርብ ዓርብ በኢሞ ታገኛታለች። ሁለቱም መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቋረጣል። መብራት ሲጠፋም የማጠናው በስልኩ ባትሪ ብርሃን ነው። ስለዚህ ስልኩን ከመስደብ ሰዓቱን መወሰን ይሻላል ባይ ነኝ። እኛ ቤት አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልክ እናቴ ትራስ ሥር ነው የሚያድረው።

መምህሮቻችንንም በትሕትና አንድ ነገር እጠይቃለሁ። አንዳንድ ጊዜ መልመጃ በቴሌግራም ይላካል። ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የሚመጡ ጓደኞቻችን ቤት ግን ስልክ የለም። እባካችሁ ሰሌዳው ላይም ይጻፍልን።

4ኛ. ስለ ቴሌቪዥን

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲናገር ማየት ለምደናል። እናቴና ጎረቤቶቻችን ቡና አፍልተው አብረው ያያሉ። አንድ ቀን ልጅቷ ልትያዝ ስትል ሁሉም አፍጠው ጀበናው ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው። አንዳቸውም አላዩትም!

እኔ የቱርክ ድራማ አልጠላም፤ እውነቱን ለመናገር ከነሱ እኩል ነው የማየው። ቅር የሚለኝ የኛን ቤት የሚመስል ቤት በቴሌቪዥን አለማየቴ ነው። ወሎ የሚታየው በዓል ሲመጣ፣ ያውም እስክስታ ሲመታ ነው። እኛ እኮ እንማራለን፣ እንጨት እንለቅማለን፣ እንጣላለን፣ እንታረቃለን። ይሄስ ድራማ አይወጣውም? አባቴ ልጅ እያለ ጎረቤት ቤት በመስኮት እያየ የአባባ ተስፋዬን ተረት ይከታተል እንደነበር ይነግረኛል። ያኔ ለልጆች ተብሎ በገዛ ቋንቋቸው ተረት የሚነግር ሰው ነበር። የድራማ ክበባችን ልጆች፣ ስሙኝ፤ ካሜራ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ስለኛ ሠርታችሁ አሳዩን።

በመጨረሻ

ይችን መጽሔት በእጇ የምትገለብጠው ጓደኛዬ ጣቷን እንዳያማት ላሳጥር። የምጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ረቡዕ ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ኳሷ ለሴቶች ትሰጠን። ወንዶች ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ እኛ ከበር አንመልሳችሁም። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን የወሎ ዜማ ይከፈትልን። ሦስተኛ፣ መልመጃ ሰሌዳ ላይ ይጻፍልን።

 

ከ7ኛ ለ ተማሪ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

ማሳሰቢያ፦ ኳሷ አየር ጎድሏታል። ከረቡዕ በፊት ጎሚስታ ጋር ወስዶ የሚያስነፋልን ልጅ እንፈልጋለን። ወንድም ይሁን ሴት ችግር የለም። 10 ብሯ እኔ ጋ አለች።