ቫይራልነት በዕቅድ ይሠራልን? የግብይት ጥናት ሊያርመው የሚገባ ጥያቄ

መግቢያ

በዲጂታል ግብይት ሥልጠናዎችና ጽሑፎች ውስጥ አንድ ተስፋ ተደጋግሞ ይሰማል። በብዙ ሰው የተቀባበለው ይዘት ምን ምን ባሕርይ እንዳለው ከታወቀ፣ ያንኑ ባሕርይ አሟልቶ የተሠራ ማስታወቂያም በተመሳሳይ ፍጥነት ይሠራጫል የሚል ነው። ተስፋው የሚነሣው ከእውነተኛ ግኝቶች ነው፤ መደምደሚያው ግን ከግኝቶቹ አይከተልም። የመሠራጨት ዕድልን የሚጨምሩ ባሕርያት መኖራቸው አንድ ጉዳይ ሲሆን፣ የትኛው ይዘት መቼ እንደሚሠራጭ አስቀድሞ አውቆ ማዘዝ ሌላ ጉዳይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሙግት ሦስት ነጥቦች አሉት። ቫይራልነት እንደ ክስተት ሊደገም አይችልም። ሊደገሙ የሚችሉት ዕድልን የሚያሻሽሉ አሠራሮች ናቸው። ከእነዚህ አሠራሮች መካከል ደግሞ በቀላሉ የሚደገመው ሁልጊዜ ሊደገም የሚገባው አይደለም። ይህን ልዩነት የሳተ ድርጅት ገንዘቡን ያባክናል፤ የሳተ ተመራማሪ ደግሞ ያልተመለሰን ጥያቄ እንደተመለሰ ቆጥሮ ያልፋል።

ስሜትና ማጋራት

በዘርፉ በብዛት ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ ጆና በርገርና ካትሪን ሚልክማን እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ኒው ዮርክ ታይምስ በሦስት ወራት ውስጥ ያወጣቸውን ወደ 7,000 የሚጠጉ ጽሑፎች መርምረው፣ አንባብያን በኢሜይል አብዝተው ከላኳቸው ጽሑፎች ዝርዝር ውስጥ የትኞቹ እንደገቡ ለይተዋል። ውጤቱ «ሰው የሚቀባበለው ክፉ ወሬ ነው» ከሚለው የተለመደ ግምት የተለየ ነበር። በአጠቃላይ ሲታይ በጎ ስሜት ያላቸው ጽሑፎች የበለጠ ተልከዋል። ይሁን እንጂ ወሳኙ የስሜቱ በጎነት ወይም ክፋት ብቻ አልነበረም፤ ስሜቱ ሰውን የሚያነቃቃ ወይም የሚያቀዘቅዝ መሆኑም ጭምር ነው። መደመም፣ ቁጣና ሥጋት ሰው እንዲያጋራ ይገፋፋሉ፤ ሐዘን ግን ዝም ያሰኛል። የአንድ ጽሑፍ የማስቆጣት መጠን በአንድ መደበኛ ልይይት ሲጨምር ከዝርዝሩ የመግባት ዕድሉ በ34 በመቶ፣ የማስደመም መጠኑ በዚያው ልክ ሲጨምር ደግሞ በ30 በመቶ ከፍ ብሏል።

ግኝቱ ጠንካራ ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ አማካይ ነው። ለምሳሌ አንድ ይዘት የመሠራጨት ዕድሉ ከመቶ ሦስት ቢሆንና ይህ ዕድል በአንድ ሦስተኛ ቢያድግ፣ ከመቶ አራት ይሆናል። ይህ ለአንድ ጋዜጣ የዓመት ሥራ ትልቅ ትርፍ ነው፤ በአንድ ማስታወቂያ ላይ በጀቱን ሁሉ ላፈሰሰ ድርጅት ግን ዘጠና ስድስቱ የመክሸፍ ዕድል ባለበት ይቀራል።

ጥራትና አጋጣሚ

የአጋጣሚን ድርሻ በግልጽ ያሳየው ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ እ.ኤ.አ. በ2006 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ሙከራ ነው። ከ14,000 በላይ ተሳታፊዎች ስማቸው ያልታወቀ ባንዶች የሠሯቸውን 48 ዘፈኖች እንዲያዳምጡና የወደዱትን እንዲያወርዱ ተደረገ። አንደኛው ቡድን ሌሎች ምን እንደመረጡ ሳያይ መረጠ። ሌሎቹ እርስ በርስ በማይገናኙ ስምንት «ዓለማት» ተከፍለው፣ በየራሳቸው ዓለም ቀድመዋቸው የመጡት ሰዎች ምን ያህል ጊዜ የትኛውን ዘፈን እንዳወረዱ እያዩ መረጡ። ዘፈኖቹ ያው ሆነው ሳለ የየዓለሙ ደረጃ ተለያየ። እጅግ ጥሩ የተባሉት እምብዛም አልወደቁም፤ እጅግ ደካሞቹም እምብዛም አላሸነፉም። በመካከል የነበሩት ግን በአንዱ ዓለም ከፊት፣ በሌላው ከኋላ ተገኙ።

የዚህ ሙከራ ትምህርት ለግብይት ባለሙያ የሚመች አይደለም። ታሪክ የሚሠራው አንድ ዓለም ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ዓለም ያሸነፈው ይዘት ሁሉ ሊያሸንፍ ግድ የነበረ ይመስላል። ካሸነፈ በኋላ ምክንያት መደርደር አያስቸግርም፤ ያው ምክንያት ለተሸነፉትም ይሠራ እንደነበር ግን የሚጠይቅ የለም።

ነጋሪትና አፍ ለአፍ

«ቫይራል» የሚለው ቃል የተወሰደው ከበሽታ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከሌላውም ወደ ሌሎች እየተላለፈ የሚዛመትን ነገር ያመለክታል። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ከበሽታ የተሻለ ምሳሌ አለው። በቀደመው ዘመን አዋጅ ሲነገር በገበያ መካከል ነጋሪት ይጎሰማል፤ ቀጥሎም «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባላል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ይገኛሉ። አንደኛው ነጋሪቱ ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ጆሮ ይደርሳል። ሁለተኛው አፍ ለአፍ ቅብብሎሹ ነው፤ ገበያ ላልወጣው ያደርሳል።

አንድ ቪዲዮ ሚሊዮን ሰው አየው ሲባል ሚሊዮኑ በየትኛው መንገድ እንደደረሱ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። ሻራድ ጎኤል፣ ዋትስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ትዊተር ላይ የተካሄዱ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉ የሥርጭት ክስተቶችን ፈትሸዋል። ከ100 ሰው በላይ የደረሱት ከሺህ አንድ እንኳ አይሞሉም። በስፋት ከተሠራጩትም መካከል አብዛኞቹ ትልቅ ሆነው የተገኙት ረጅም ቅብብሎሽ ስለነበራቸው ሳይሆን፣ በሆነ ደረጃ ላይ ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ ስላስተጋባቸው ነው። ስለዚህ በብዙ አጋጣሚ «ቫይራል ሆነ» የሚባለው ይዘት ነጋሪት የተጎሰመለት ይዘት ነው።

በተከታታይ ተሳካላቸው የሚባሉትን ሠሪዎች ስኬትም ከዚህ አንጻር መረዳት ይቻላል። ደቡብ ኮሪያዊው ሳይ «ጋንግናም ስታይል» የተባለው ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በዩቲዩብ ታሪክ የመጀመሪያውን የአንድ ቢሊዮን ዕይታ ካስመዘገበ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት ያወጣው ሥራም በፍጥነት ብዙ ተመልካች አግኝቷል። ይህ ግን ቀመሩ መገኘቱን አያረጋግጥም። የመጀመሪያው ዘፈን ለሁለተኛው ነጋሪት ሆኖለታል፤ ሁለተኛው ሲወጣ ዓለም ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቅ ነበር።

የበረዶ ባልዲው ዘመቻ

የመደገምን ችግር ከእ.ኤ.አ. 2014ቱ የበረዶ ባልዲ ዘመቻ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ጥቂት ነው። ተሳታፊው በረዶ የተጨመረበት ውኃ በራሱ ላይ አፍስሶ ይቀረጻል፤ ከዚያም ሌሎች ሰዎችን፣ ብዙ ጊዜ ሦስት፣ በስም ጠርቶ በ24 ሰዓት ውስጥ እንደርሱ እንዲያደርጉ ወይም ኤ.ኤል.ኤስ. ለተባለው የነርቭ በሽታ ምርምር እንዲለግሱ ይጋብዛል። በፌስቡክ ከ17 ሚሊዮን በላይ ቪዲዮዎች ተለጠፉ፤ የአሜሪካው የኤ.ኤል.ኤስ. ማኅበርም 115 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ዘመቻውን ማኅበሩ አላቀደውም። ተመሳሳይ የቀዝቃዛ ውኃ ውርርዶች ቀድሞም ለሌሎች በጎ አድራጎቶች ሲዞሩ ነበር።

አሠራሩ በሚገባ የታወቀ ነው፦ በስም መጥራት ይሉኝታን ይቀሰቅሳል፤ የጊዜ ገደቡ ማመንታትን ይከለክላል፤ ድርጊቱ ለዕይታ ያዝናናል፤ ዓላማው ደግሞ የሚያስከብር ነው። ባለቤቱ፣ ስሙና ቀመሩ ሁሉ በእጅ ስለነበረ በቀጣዩ ዓመት እንዲደገም ተሞከረ። የተሰበሰበው ገንዘብ ግን ከቀዳሚው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።

ምክንያቱ በቀላል ስሌት ይታያል። እያንዳንዱ ሰው ሦስት አዳዲስ ሰዎችን ቢጠራና ሁሉም እሺ ቢሉ፣ በ21ኛው ዙር የሚጠሩት ከዓለም ሕዝብ ቁጥር ይበልጣሉ። እንግዲህ በፍጥነት የሚያድግ ቅብብሎሽ የሚመገበውን ሕዝብ ራሱ ይጨርሳል። አንዴ የተጠራ ሰው ሁለተኛ ሲጠራ አይደነቅም፤ አንዴ ያየ ተመልካችም ሁለተኛውን ሳያይ ያልፋል። ባሕርያቱ ሳይለወጡ ተቀባዩ ተለወጠ፤ የለወጠውም የቀድሞው ስኬት ነው። በዚህ ረገድ ቫይራልነት የሚደገም አሠራር መሆኑ ቀርቶ፣ አዲስነትን የሚያቃጥል እሳት ይመስላል።

ሊደረግ የሚችለው

ይህ ማለት ባለሙያው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ዋትስና ጆና ፔሬቲ እ.ኤ.አ. በ2007 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ያቀረቡት ሐሳብ ዛሬም ጠቃሚ ነው። አንድ ሰው በአማካይ ስንት ሌሎችን እንደሚያመጣ የሚገልጸው የመባዛት ቁጥር ከአንድ በታች ከሆነ ቅብብሎሹ መሞቱ አይቀርም። ነገር ግን ከመሞቱ በፊት ትርፍ ይሰጣል። በክፍያ ማስታወቂያ 10,000 ሰው የደረሰ መልእክት የመባዛት ቁጥሩ 0.2 ቢሆን በመጨረሻ 12,500 ሰው ይደርሳል፤ 0.5 ቢሆን 20,000 ይሆናል። ማስታወቂያው «ቫይራል» አልሆነም፤ ሆኖም በአንድ ወጪ የሁለት ያህል ሠርቷል። ከዚህ የሚከተለው ምክር በሰፊው መጀመር፣ ማጋራትን ማቅለል፣ በአንድ ውድ ሥራ ፋንታ ብዙ ርካሽ ሙከራዎችን ማድረግ፣ ከዚያም መንቀሳቀስ የጀመረውን መደገፍ ነው። የመጨረሻውን ነጥብ ጀስቲን ቼንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት የፌስቡክ ጥናት ያጠናክረዋል፤ ቅብብሎሹ ከጀመረ በኋላ በእጥፍ ያድግ እንደሆነ 80 በመቶ በሚጠጋ ትክክለኛነት መተንበይ ተችሏል። ለትንበያው ይበልጥ የረዳውም የይዘቱ ባሕርይ ሳይሆን የመነሻ ፍጥነቱ ነበር።

ሆኖም ዕድልን ከሚያሻሽሉት መንገዶች ሁሉ በቀላሉ ወደ ቀመር የሚቀየረው ቁጣ ነው። የሚያስደምም ሥራ ችሎታና ጊዜ ይጠይቃል፤ የሚያስቆጣ ዓረፍተ ነገር ግን ማንም በደቂቃ ይጽፋል። ሶሩሽ ቮሱጊ፣ ዴብ ሮይና ሲናን አራል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት በትዊተር ላይ ሐሰተኛ ዜና ከእውነተኛው ይልቅ የመጋራት ዕድሉ በ70 በመቶ የሚበልጥ ሆኖ ተገኝቷል። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታዮች ባሉት የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የሚሠራጭ ሐሰተኛ መረጃን በከበደ ቅጣት ማየቱ፣ ሕግ አውጪውም የነጋሪቱን ትልቅነት እንደመዘነ ያሳያል። የግብይት ትምህርት «ስሜትን ቀስቅሱ» ብሎ ሲያስተምር የትኛውን ስሜት፣ በማን ኪሳራ የሚለውን ጥያቄ አብሮ ካላነሣ፣ የሚያሠለጥነው ባለሙያ የሚያተርፈው ከሌሎች ሰላም ነው።

ለድኅረ ምረቃ ጥናት ያለው ትርጉም

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበራዊ ሚዲያ ግብይት የተለመደ የማስተርስ ርእስ ሆኗል። የጥናቱ ቅርጽም የተለመደ ነው፦ አንድ ስመ ጥር ድርጅት ይመረጣል፤ በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን 384 ናሙና ይሰላል፤ ባለ አምስት ደረጃ መጠይቅ ይበተናል፤ ደንበኞች ማስታወቂያው የመግዛት ፍላጎታቸውን እንደጨመረው ይመልሳሉ። ይህ አካሄድ ስለ ደንበኞች አመለካከት ይናገራል፤ ስለ ሥርጭት ግን ምንም ሊናገር አይችልም። የሚጠየቁት ማስታወቂያው የደረሳቸው ናቸው፤ የሚጠናው ድርጅት የተሳካለት ነው፤ የከሸፉት ማስታወቂያዎች ከመዝገቡ ውጭ ናቸው። ያሸነፉትን ብቻ ቆጥሮ የማሸነፊያውን ምክንያት ማወቅ አይቻልም።

መፍትሔው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ተመራማሪ የአንድን ገጽ ታዋቂ ልጥፎች ከመምረጥ ይልቅ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የወጡትን ሁሉ፣ የተሳካውንም የከሸፈውንም፣ ሊመዘግብ ይችላል። በቴሌግራም ቻናል እያንዳንዱ መልእክት ስንት ጊዜ እንደታየ ለማንም ይታያል። ድርጅቱ ፈቃደኛ ከሆነ በክፍያ የደረሰውን በቅብብሎሽ ከደረሰው ለይቶ የመባዛት ቁጥሩን ማስላት ይቻላል። ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጋዜጣና በትዊተር ላይ የተሠሩ ናቸው። የአማርኛ ይዘት ግን በቤተሰብና በሠፈር የቴሌግራም ቡድኖች፣ በቲክቶክ፣ እንዲሁም በአገር ቤትና በውጭ በሚኖሩ ዘመዳሞች መካከል ይመላለሳል። እዚያ የትኛው ስሜት ሰውን እንደሚያነሣሣና ነጋሪቱ በማን እጅ እንዳለ የሚመልሰው እዚሁ የተሰበሰበ መረጃ ነው።

ማጠቃለያ

ከ2006ቱ የዘፈን ሙከራ እስከ በረዶ ባልዲው ዘመቻ ድረስ የተነሡት ማስረጃዎች ወደ አንድ መደምደሚያ ያመራሉ፦ ቫይራልነት በትእዛዝ አይገኝም፤ ዕድሉ ግን ሊሻሻልና ሊለካ ይችላል። ስለዚህ ድርጅት ባለሙያውን «ቫይራል የሚሆን ሥራ አምጣ» ብሎ ከማዘዝ ይልቅ በአንድ ብር ወጪ ስንት ሰው ስንት ተጨማሪ ሰው እንዳመጣ ቢጠይቅ ይበጀዋል። አማካሪ መምህራንም የጥናት ንድፍ ሲቀርብላቸው ሌላውን ሁሉ ከማየታቸው በፊት «ያልተሳኩት የት አሉ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ዘርፉ ካለበት የስኬት ተረት ወደ ዕውቀት የሚሻገርበት መንገድ ይከፈታል።