የይለፍ ቃል መጠየቁ ለምን ያስቆጣል?

በሊኑክስ ኮምፒዩተር የሚሠራ አንድ ወዳጄ፣ «በየሥራው የይለፍ ቃል አምጣ እያለ እንደ ሌባ ቈጠረኝ» ሲል በምሬት አጫወተኝ። ጥያቄውን ለማስቀረት በሱዶወርስ ፋይል «ኖፓስወርድ» የሚል መስመር ቢጽፍም፣ ኮምፒዩተሩ መጠየቁን አልተወም። የአስተዳዳሪን ሥልጣን የሚያውሰው ሱዶ፣ ለሰውየው ከሚስማሙት መስመሮች የመጨረሻውን ያጸናልና፣ ከታች ያለው የቡድኑ ደንብ የእርሱን ሽሮበታል። መስመሩን ወደ ታች ማውረድ በበቃው ነበር፤ እኔ ግን አልመከርሁትም። (አንዲት ፊደል ብትሳሳት ሱዶ እምቢ ሊል ይችላልና፣ ፋይሉን በቪሱዶ ብቻ ማረም ይገባል።)

መቸም የመሥሪያ ቤት ማኅተም ጠረጴዛ ላይ ተትቶ ለምሳ አይወጣም! ጥያቄው ከቀረ፣ በወዳጄ ስም የገባ ሁሉ፣ ተንኰለኛ ፕሮግራምም ቢሆን፣ ያሻውን ያዛል። ኡቡንቱ እንደ ሆነ ቃሉን አንድ ጊዜ ከተቀበለ 15 ደቂቃ ያህል ዳግመኛ አይጠይቅም፤ ይህም ካነሰው ደቂቃውን በዚያው ፋይል ያስረዝም።